መርፌው የቆመበት ቦታ

«አንድ ነገር ብቻ ያዢልኝ። ልጅ ሲያለቅስ ትነሻለሽ፣ ሰው ሲጠራሽ ትነሻለሽ፣ ወጥ ሲያርርብሽ ትነሻለሽ። ተነሺ፤ አትነሺ አልልሽም። ግን መርፌሽን ቀጥለሽ የምትወጊበት ቦታ ላይ ተክለሽ ተነሺ።»

ይህን ያሏት እትዬ ዝማም ነበሩ። ውባለም ያኔ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ናት። እናቷ ታመውባት ትምህርቷን ከሰባተኛ ክፍል አቋርጣ፣ የእጅ ጥልፍ ልትማር እትዬ ዝማም ቤት የገባች ሰሞን ነው። ቃሉን ሰማችው እንጂ አላሰበችበትም፤ እንዲሁ የእጇ ልማድ ሆኖ ቀረ። በር ሲንኳኳ መርፌዋን ትተክላለች፣ ጨርቁን ግድግዳው ላይ ካለው ሚስማር ትሰቅላለች፣ ከዚያ በሩን ትከፍታለች። ስትመለስ መርፌው እዚያው ቆሞ ይጠብቃታል። የት ነበር የደረስኩት ብላ ራሷን ጠይቃ አታውቅም።

ዓመታት አለፉ። እትዬ ዝማም ዐረፉ። ውባለም አገባች፤ ናርዶስ የምትባል ልጅ ወለደች። ባሏ ከባድ መኪና ነጂ ስለሆነ ከወሩ የሚበዛውን መንገድ ላይ ነው። እሷ አንዲት ክፍል ቤቷ ውስጥ፣ መስኮቱ ሥር ተቀምጣ የሀገር ልብስ ትጠልፋለች። ሥራዋ ጥሩ ነው ይባላል። ነገር ግን ናርዶስ መዳህ ከጀመረች ወዲህ ቀኑ በእጇ ላይ ይቆራረስባት ጀመር። አንድ ረድፍ ትጠልፋለች፣ ትነሣለች፤ ግማሽ ረድፍ ትጠልፋለች፣ ትነሣለች። ሲመሽ ምን እንደሠራች ብትጠየቅ መናገር አትችልም። ተቀምጣ የዋለች ይመስላታል፤ እግሯ ግን ይደክማል። የተማረ ሰው እንዲህ አይሆንም፣ የቀረብኝ ትምህርት ውስጥ ስለ ጊዜ የሚያስተምር አንድ ነገር ሳይኖር አይቀርም ብላ ታስባለች።

በዚህ መካከል እትዬ ጽጌ የሚባሉ ሴት ነጭ ሸማ በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልለው ወደ ቤቷ መጡ። ወሩ ከገባ ሁለተኛው ቀን ነበር።

«ፈትሉ የእህቴ ነው» አሉ፣ ጥቅሉን ጭናቸው ላይ እንዳደረጉ። «ሦስት ዓመት ፈተለችው። የመጨረሻውን ልቃቂት ታማ ነው የፈተለችው፤ እንዝርቱ ከእጇ እየወደቀ። ለልጇ ሠርግ ብላ ነው። ሠርጉን ሳታይ ሄደች። ሸማኔው ክሩን አሟጦ ነው የሠራው፤ ከዚህ ሌላ አንድ ስንዝር የለኝም።»

ውባለም ጨርቁን በሁለት ጣቷ ያዝ አድርጋ አየችው። ክሩ አንዳንድ ቦታ ወፈር፣ አንዳንድ ቦታ ሳሳ ይላል። የሳሳው መቼ እንደተፈተለ ማንም ሳይነግራት ገባት።

«የሙሽራዋ ቀሚስ ነው፤ እጅጌውን ጥለፊና ደረቱ ላይ መስቀል አድርጊልኝ። ለባለወልድ መጥቼ እወስዳለሁ፤ ሠርጉ ከባለወልድ ቀጥሎ ያለው እሑድ ነው።»

«ለባለወልድ ይደርሳል፣ እትዬ ጽጌ።»

ውባለም ቀን የምትቆጥረው እንደ ሰፈሯ ሴቶች ነው። አሥራ ሁለት ሚካኤል፣ አሥራ ዘጠኝ ገብርኤል፣ ሃያ አንድ ማርያም፣ ሃያ ዘጠኝ ባለወልድ። ስለዚህ ወሩ ሊያልቅ እስኪል ጊዜ አላት ማለት ነው። ሆኖም ሴትየዋ ከወጡ በኋላ ፍርሃት ያዛት። እንዲህ በቆራረጠ ቀን፣ እንዲህ ያለ ጨርቅ።

ፍርሃቷን በዚያው ቀን የነገረችው ለመክሊት ነበር። መክሊት እዚያው ግቢ ውስጥ ተከራይታ የምትኖር፣ ቢሮ የምትሠራ፣ ፈጣንና ደግ ልጅ ናት።

«ውቤ፣ አንቺ ጉልበት አይደለም ያነሰሽ፤ ሥርዓት ነው» አለች መክሊት። «በቀን ስንት ሰዓት ነው የምትሠሪው?»

«እኔ እንጃ። እስኪመሽ።»

«እስኪመሽ ሰዓት አይደለም። ስልክሽን አምጪው።»

ስልኩ ባሏ ያመጣላት ነው፤ ከመደወልና ፎቶ ከማየት ሌላ ብዙም አታውቅበትም። መክሊት ጣቶቿን እያፈጠነች አንድ በአንድ አፕ ጫነችላት። አንዱ የሥራ ዝርዝር የሚይዝ ነው፤ የሠራሽውን ስትነኪው አረንጓዴ ምልክት ያደርግበታል። አንዱ ሃያ አምስት ደቂቃ ያሠራና ይደውላል፣ አምስት ደቂቃ ያሳርፍና እንደገና ይደውላል። አንዱ ውሃ ጠጪ ይላል። ሌላው ደግሞ ዛፍ ነው።

«ይሄ ስልኩን ካልነካሽው ያድጋል። በሥራ ሰዓትሽ ከነካሽው ይደርቃል።»

«ካልነካሁት ማደጉን በምን አያለሁ?»

«ስትጨርሺ ታያለሽ። ውቤ፣ አትከራከሪኝ። እኛ ቢሮ አለቃዬ ሳይቀር በዚህ ነው የሚሠራው።»

«አለቃሽ ልጅ አለው?»

«ሦስት።»

«ሲሠራ ማን ይይዝለታል?»

መክሊት ሳቀች። «እሱን አፑ አይጠይቅም» አለች። ቀጥላ የቀን መቁጠሪያውን ከፈተችና «የሙሽራዋ ቀሚስ መቼ ነው የሚፈለገው?» አለቻት።

«ለባለወልድ።»

«ቀኑን ንገሪኝ፣ ቁጥሩን።»

«ሃያ ዘጠኝ።»

መክሊት ስልኩ ላይ ካለው ወር ሃያ ዘጠኝ ቁጥርን ነካች። ስልኩም ወዲያው «አሥራ ዘጠኝ ቀን ቀረ» የሚል ጽሑፍ አወጣ።

ውባለም ጽሑፉን ሁለት ጊዜ አነበበችው። በእሷ ስሌት ወር ሊሞላ ትንሽ የጎደለ ጊዜ ነበራት። እንዴት እንዲህ አነሰ? ጣቷን ለመቁጠር ዘረጋችና መክሊት እያየቻት መሆኑን አይታ መልሳ አጠፈችው። ስልክ ይሳሳታል ብላ አላሰበችም። ሰባተኛ ክፍል ላይ ያቆመ ሰው ከስልክና ከራሱ አንዱን መጠርጠር ካለበት ማንን እንደሚጠረጥር ታውቁታላችሁ። ከዚያ ቀን ጀምራ ቀን መቁጠሩን ለስልኩ ተወችለት።

መጀመሪያ ላይ ነገሩ ደስ ይል ነበር። ጠዋት ተነሥታ ዝርዝሯን ትጽፋለች። የቀኝ እጅጌ ጫፍ። ናርዶስን ማጥባት። የሽንት ጨርቅ ማጠብ። የደረቱ መስቀል፣ አንደኛ ረድፍ። ምልክቱን ስትነካው ስልኩ ቲን ይላል፣ አረንጓዴ ይሆናል። ውባለም ለሠራችው ሥራ እንዲህ የመለሰላት ኖሮ አያውቅም። በሦስተኛው ቀን ሠርታ የጨረሰችውን ነገር እንኳ ምልክቱን ለመንካት ብላ እንደገና ስትጽፍ ራሷን ያዘችው። አፈረችና ዙሪያዋን አየች። ናርዶስ ብቻ ነበረች።

አንድ ቀን ባሏ ከመንገድ ደወለ፤ አነሣችው። ሲጨርሱ ዛፉ ደርቆ ቡናማ ሆኗል። በማግስቱ ሲደውል ስልኩን በፍርሃት ስታነሣ ድምፅዋ ከወትሮው ቀጠነበት።

«ምነው፣ አሞሻል እንዴ?»

«አይ፣ ዛፉ እንዳይደርቅብኝ ነው።»

«የምን ዛፍ? እኛ ግቢ ዛፍ አለ እንዴ?»

«ስትመጣ አሳይሃለሁ» ብላ ዘጋችው።

መደወሉ ግን ሌላ ነገር አመጣ። ሃያ አምስቱ ደቂቃ ሲሞላ ስልኩ ይጮኻል፤ ውባለም ጨርቁን አስቀምጣ ናርዶስን ታነሣለች፣ ታጠባለች፣ ትስማለች። አምስቱ ደቂቃ ሲሞላ እንደገና ይጮኻል፤ ናርዶስን ታስቀምጣለች። ሳምንት ሳይሞላ ሕፃኗ ሁለቱን ጩኸት ለየቻቸው። አንዱ እናቷን የሚያመጣ፣ አንዱ የሚወስድ ነው። የመጀመሪያው ሲጮኽ እጆቿን ትዘረጋለች። ሁለተኛው ከመጮኹ በፊት፣ እናቷ ሰዓቱን ስታይ ገና፣ ማልቀስ ትጀምራለች። ውባለም ይህን አየች። ልጄ ጎበዝ ናት ብላ መደሰት ይሁን ማዘን የሚገባት አልለይ አላት።

መርፌውስ? ድሮ ለመነሣት የምትወስነው እሷ ነበረች። ሁለት ሦስት ጊዜ ወግታ ረድፉን ታደርሳለች፣ ቀጥሎ የምትወጋበትን ድር በዓይኗ ትለያለች፣ እዚያ ላይ ተክላ ትነሣለች። ስልኩ ግን ረድፍ አያውቅም። መካከል ላይ ይጮኻል። ዕረፍቱ ደግሞ አምስት ደቂቃ ብቻ ነውና መርፌውን ተሽቀዳድማ ከጎኗ ባለችው ትንሽ የመርፌ መስኪያ ትራስ ላይ ትሰካዋለች። ዝርዝሩ ላይ «መስቀሉ፣ ግራ ክንፍ፣ አራተኛ ረድፍ» ብላ ጽፋለች አይደል፤ ስልኩ ያስታውሳል። ስልኩም አልዋሸም፤ አራተኛ ረድፍ ይላል። ከአራተኛው ረድፍ ስንተኛው ድር ላይ እንደሆነች ግን አይልም። ስለዚህ በየሃያ አምስት ደቂቃው ድሩን ከዳር ጀምራ ትቆጥራለች። ስትቆጥር የሃያ አምስቱ ደቂቃ ሩብ ይሄዳል። ሲሄድ ትቸኩላለች። ስትቸኩል ትስታለች።

ስልኩ ስድስት ቀን ቀረ አለ። ሦስት ቀን ቀረ ሲል ጽሑፉ ቀይ ሆነ። ውባለም ከዚያ በኋላ ከዳር መቁጠሩን ተወችው፤ በዓይኗ ገምታ መጥለፍ ጀመረች። ከግቢ አትወጣም። ጠዋት የቤተ ክርስቲያን ድምፅ ሲሰማ ከስልኩ ድምፅ ጋር ይደባለቅባታል፤ የትኛው ለምን እንደሚጠራት ሳትለይ ጎንበስ እንዳለች ትቀጥላለች።

ስልኩ ሃያ ዘጠኝ ባለው ቀን፣ ከቀትር በፊት፣ የመጨረሻውን ክር ቋጠረች። ዝርዝሩ ላይ የቀረውን አንድ መስመር ነካች። ስልኩ ቲን አለ፤ መቶ በመቶ አለ፤ ባለ ብዙ ቀለም ቁርጥራጭ ወረቀት ከላይ እስከ ታች ዘነበ። ውባለም ሳታስበው ፈገግ አለች። ቀሚሱን ቶሎ ብላ በተኮሰችው ጨርቅ ጠቀለለችና ናርዶስን አዝላ ወደ እትዬ ጽጌ ቤት ወጣች። መጥቼ እወስዳለሁ ብለዋት ነበር፤ እሷ ግን በራሷ እጅ ማድረስ ፈለገች። አንድ ጊዜ እንኳ በሰዓቱ የደረሰች ሰው ሆና መታየት አማራት።

መንገዱ ነጠላ በለበሱ ሰዎች ተሞልቷል። ጠበል በፕላስቲክ ጠርሙስ የያዙ፣ ልጆቻቸውን የሚጎትቱ፣ ቆም ብለው የሚሳሳሙ። ባለወልድ ነውና እንዲህ ነው አለች በልቧ። ግን ሰዉ የሚመጣው ከላይ፣ ከማርያም በኩል ነው። ቀስ አለች። በአጠገቧ የሚያልፉ አንዲት ሴት አስቆመች።

«እናቴ፣ ዛሬ ምንድን ነው?»

«ማርያም ናታ» አሉ ሴትየዋ። «ከየት ነው የመጣሽው ልጄ?»

«ከቤት።»

ሴትየዋ የታዘለችውን ልጅ አዩ፣ እናቲቱን አዩ። «አይዞሽ፣ ልጅ ማሳደግ ያስረሳል» ብለው ጠበል ቀብተዋት አለፉ።

ውባለም መንገዱ ዳር ቆመች። ስልኩን አወጣች። ሃያ ዘጠኝ ይላል። ቀና ብላ ሰዉን አየች። ሃያ አንድ ይላል። ለአፍታ ያህል፣ ይህን ስትናገር እስከ ዛሬ ታፍራለች፣ ያ ሁሉ ሰው የተሳሳተ መሰላት። ማርያምን ዘግይተው እያከበሩ ይሆን አለች። ቀጥሎ እሷ አብዳ መሰላት። ስምንት ቀን የት ገባ? አልፎ ነው ወይስ አልመጣም? እግሯ ግን መንገዱን ይዞ ነበርና እትዬ ጽጌ በር ላይ አደረሳት።

እትዬ ጽጌ ገና ከቤተ ክርስቲያን መመለሳቸው ነበር። ጥቅሉን ሲያዩ እጃቸው አፋቸው ላይ ሄደ።

«ባለወልድ አልኩሽ እኮ። ዛሬ ማርያም፤ ስምንት ቀን አለሽ። ይኸው በዚህ ዕድሜዬ ጥልፍ ሠሪ ቀጠሮዋን ስትቀድም አየሁ። ግቢ፣ ግቢ፣ ልጅቷን አውርጂያት።»

ውባለም ልጇን አወረደች። እትዬ ጽጌ እጃቸውን ታጥበው፣ አድርቀው፣ ቀሚሱን በር ላይ ባለው ብርሃን ዘረጉት። የዓይናቸው ጠርዝ ረጠበ። በሌባ ጣታቸው ከአንገቱ ጀምረው መስቀሉን ዳሰሱት። የመስቀሉን ራስ አለፉ። የቀኙን ክንፍ አለፉ። የግራው ላይ ሲደርሱ ጣታቸው ቆመ።

«ይሄኛው ጎን ምን ሆነ?»

ውባለም ጠጋ አለች። የግራው ክንፍ ከቀኙ በሁለት ድር ዝቅ ብሎ፣ ወደ ጫፉ ደግሞ ጋደል ብሏል። መስቀሉ ትከሻው እንደወለቀ ሰው ቆሟል። ቤት እያለች አላየችውም። አራተኛ ረድፍ አረንጓዴ፣ አምስተኛ ረድፍ አረንጓዴ፣ ሁሉም አረንጓዴ ነበር።

«ዓይንሽን አሞሽ ነው? ወይስ ልጅቷ አስቸግራሽ?»

«አይደለም፣ እትዬ ጽጌ።» «እየደወለብኝ ነው። መካከል ላይ ሲደውል እነሣና ስመለስ ቦታው ይጠፋኛል።»

«ማን ነው የሚደውለው?»

«ስልኩ።»

«ስልኩ ላይ ማን?»

«ማንም። ስልኩ ራሱ። ሥሪ ሲል እሠራለሁ፣ ተነሺ ሲል እነሣለሁ።»

እትዬ ጽጌ ብዙ አዩዋት። ቁጣ አልነበረም፤ የገባቸውም አይመስሉም።

«ስልኩ ጥልፍ ያውቃል?»

«አያውቅም።»

«ታዲያ ላንቺ ምን ብሎ ነው ተነሺ የሚልሽ?»

እትዬ ጽጌ ቀሚሱን አጣጥፈው በእጇ አስቀመጡት። «ፍችውና እንደገና ሥሪው። ስምንት ቀን አለሽ። ግን ስትፈቺ ጨርቁን ከበሳሽው፣ እህቴ ተመልሳ አትፈትልልኝም» አሉ።

ውባለም ወደ ቤት ስትመለስ መክሊት ግቢው ውስጥ ልብስ ታሰጣ ነበር። ሁሉን ነገረቻት። መክሊት ስልኩን ተቀብላ የቀን መቁጠሪያውን አየች፤ ፊቷ ቀላ።

«ውቤ፣ ይሄ የፈረንጅ ነው። ሃያ ዘጠኝ ስትይኝ የፈረንጁን ሃያ ዘጠኝ ነካሁት። የኛው ሃያ ዘጠኝ ገና ስምንት ቀን ይቀረዋል። ቢሮ ሁሌም በዚያ ስለምንሠራ አላሰብኩትም። ጥፋቱ የኔ ነው።»

«እኔም ባለወልድ ከማለት ሌላ ሃያ ዘጠኝ ብዬ ባልመልስልሽ ነበር የሚሻለው።»

ቀጥላ መክሊት ቀስ ብላ «ግን እስቲ አስቢው» አለች። «ቀኑን ባልሳሳት ኖሮ የምትጨርሺው ባለወልድ ዕለት ነው። መስቀሉ መጣመሙን ባለወልድ ዕለት ነበር የምታዪው። ያኔ ማስተካከያ ቀን ከየት ይመጣ ነበር?»

«ቀኑን ባትሳሳቺ ኖሮ መች እቸኩል ነበር?» አለች ውባለም።

«መደወሉስ? መደወሉ ይኖር ነበር።»

«እሱም እውነት ነው።»

«ስለዚህ ስልኩ አጠፋሽ ወይስ አዳነሽ?»

ውባለም አሰበችው። ያጣደፋት እሱ ነው፤ ስምንት ቀን የሰጣትም እሱ ነው። ሲያጣድፋት አላሰበላትም፤ ሲሰጣትም አላሰበላትም። ሳቅ መጣባት፣ ሳቁ መካከል ላይ ተቋረጠ። «እኔ እንጃ መክሊት። እኔ እንጃ» አለች።

በማግስቱ ጠዋት መስኮቱ ሥር ተቀመጠች። ስልኩን ድምፁን አጥፍታ ቁም ሣጥኑ ላይ አስቀመጠችው። የግራውን ክንፍ በመርፌ ጫፍ፣ አንድ በአንድ፣ እያነሣች መፍታት ጀመረች። ሳሳ ያለው ፈትል ላይ ስትደርስ ትንፋሿን ትይዛለች። ክሩ ሲወጣ ትንሽ ትንሽ ቀዳዳ ይቀራል፤ እሱን ጣቷን አርጥባ በጥፍሯ ጀርባ ቀስ አድርጋ ትዳስሰዋለች፣ ድርና ማጉ ተመልሶ ይጠጋጋል። አንድ ቦታ ላይ ፈትሉ ተቧጭሮ እንደ ጭረት ተነሣ። እጇን አቆመች። የሞተችው ሴት እንዝርቷ የወደቀው እዚህ ላይ ይሆናል አለች በልቧ። ያንን ቦታ ሳትነካ በዙሪያው ዞረች።

ናርዶስ አለቀሰች። ውባለም በድንጋጤ መርፌውን ወደ መስኪያው ትራስ ልትሰካ እጇን ሰደደች። መንገድ ላይ እጇ ቆመ። እንደ ድሮው ሁለት ቀዳዳ ቀጥላ ፈታች፣ ቀጥላ የምትፈታውን ቦታ ለየች፣ መርፌውን እዚያ ላይ ተከለች፣ ጨርቁን ሚስማሩ ላይ ሰቀለች፣ ተነሣች። ልጇን አቀፈቻት። ሰዓት አላየችም። ናርዶስ ግን የለመደችው አለና የእናቷን ጡት ይዛ ጆሮዋን አቆመች፤ ሁለተኛውን ጩኸት ትጠብቃለች። አልመጣም። ቆይታ ትከሻዋ ላላ፤ ረጅም ጊዜ ጠባች። ውባለም ስትመለስ መርፌው እዚያው ቆሟል። አልቆጠረችም። መፍታቷን ቀጠለች።

እንዲያ ስትነሣና ስትቀመጥ ክንፉን ፈትታ ጨረሰች፤ እንደገና ስትጠልፈውም ቀናቱ እንዲያው አለፉ። በቀን ስንት ሰዓት እንደሠራች አታውቅም። አንዳንድ ቀን ግማሽ ረድፍ ብቻ ነው፤ አንዳንድ ቀን ልጅቷ ከተኛች ሦስት። ውሃ መጠጣት የረሳችበት ቀን ነበር፤ ያን ጊዜ ራሷን አሟት ስልኩ ትክክል ነበር አለች። ዝርዝሩንም አንድ ሁለት ቀን ሳትናፍቀው አልቀረችም፤ የቲን ድምፅ የሌለበት ሥራ ማንም እንዳላየው ያህል ነው። አምስተኛው ቀን ላይ ግን የግራው ክንፍ ከቀኙ ጋር እኩል ተዘርግቶ ስታየው፣ ያየው ሰው እንዳለ ሁሉ ቀና አለች።

ባለወልድ ዕለት እትዬ ጽጌ ራሳቸው መጡ። የዚያን ቀን ስልኩ ሰባት ይል ነበር። ቀሚሱን በመስኮቱ ብርሃን ዘረጉት፤ በሌባ ጣታቸው ዳሰሱት። ራሱን፣ ቀኙን፣ ግራውን። ግራው ላይ ጣታቸው ትንሽ ዘገየ፤ ያቺ የክር ጭረት ያለችበት ቦታ ነው።

«እዚህ ጋ ትንሽ ይታወቃል።»

«አዎ፣ ይታወቃል» አለች ውባለም። «ልሸፍነው ነበር፤ ፈትሉ እንዳይበጠስ ፈርቼ ተውኩት።»

«ተይው። ሙሽራዋ አታየውም፣ ሰዉም አያየውም። እኔ ግን አያለሁ፤ ይህን ፈትል ስትፈትል አጠገቧ ነበርኩ።» ቀሚሱን ማጣጠፍ ጀመሩ፤ ሲጨርሱ በጥቅሉ ላይ እጃቸውን አሳረፉ። «ስልክሽስ? ወረወርሽው?»

«አልወረወርኩትም። ለመጣልም ለመያዝም ገና አልገባኝም።»

እትዬ ጽጌ ሳቁ። «እኔም ልጆቼ ገዝተው ሰጥተውኝ እንዲያው እንዳለ ነው። የገባሽ ዕለት ነይና ንገሪኝ» ብለው ቀሚሱን በደረታቸው ታቅፈው ወጡ።

ይህን ታሪክ የምታነብቡ ሆይ፤ ውባለም ስለ ስልኩ እስከ ዛሬ ቁርጥ ያለ ነገር አትናገርም፤ እኛም ስለ እሷ ሆነን አንፈርድበትም። አንድ ነገር ግን ገብቷታል። ሥራዋ የሚቋረጠው ሥርዓት ስላነሳት አልነበረም፤ ልጅ ስላላት፣ በር ስለሚንኳኳ፣ በሕይወት ስላለች ነው። እትዬ ዝማምም አትነሺ አላሏትም፤ የምትመለሺበትን ቦታ ሳታበጂ አትነሺ ነው ያሏት። ቀኑን የሚቆጥርልን፣ ሰዓቱን የሚያስታውሰን፣ ሠራሽ ብሎ አረንጓዴ የሚያደርግልን ብዙ ነገር በእጃችን አለ። እጃችን የት ላይ እንደነበረ የሚያውቅልን ግን እኛው ብቻ ነን። እናንተስ፣ ይህን ለማንበብ ከሥራችሁ ስትነሡ፣ መርፌያችሁን የት ላይ ተክላችሁ ተነሣችሁ?

ከሠርጉ በኋላ መክሊት ስልኩን ወስዳ የኛን ወርና ቀን የሚያውቅ መቁጠሪያ ጫነችላት። ዛፉንና የሃያ አምስት ደቂቃውን ደውል አጠፋችው፤ የውሃው ይቆይልኝ ስላለች ተወችላት። በሁለተኛው ቀን ውባለም የሌላ ሰው ነጠላ ጥለት ዳር ላይ ስትጠልፍ ስልኩ ቁም ሣጥኑ ላይ ሆኖ ጮኸ። ናርዶስ ዞራ እናቷን አየች። ውባለም ሁለት ጊዜ ቀጥላ ወጋች፣ ረድፉን አደረሰች፣ መርፌዋን ቀጥላ የምትወጋበት ድር ላይ ተከለች፣ ከዚያ ተነሥታ አንድ ብርጭቆ ውሃ ቀዳች።